ፔግ የወፈረችበት ፀደይ

ሰኞ፣ ማርች 4

ይህን ደብተር ለገና የሰጠችኝ እህቴ ዲምፕና ናት። "ቀኑን ሙሉ ከውሾች ጋር ከምታወራ ከወረቀት ጋር አውራ፤ ወረቀት ቢያንስ አይሸትም" ብላ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ የመኖ ክፍሉ በር እንዳይወዛወዝ ማስደገፊያ አድርጌው ከረምኩ። ዛሬ ያነሳሁት የምሥራች ስላለኝ ነው። ፔግ ለፀደዩ ዋንጫ ተመዘገበች!

ፔግ ደረቷ ላይ ነጭ ጠብታ ያለባት ጥቁር የሩጫ ውሻ ናት፤ ግሬይሀውንድ። ባለቤቷ ፊንታን ሉቢ ነው፣ የከተማችን ባለ ሉካንዳ፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን ጓደኛዬ። እኔ አሰልጣኟ ነኝ። ከቤቴ ጀርባ ስድስት የውሻ ክፍሎች አሉኝ፤ ዘንድሮ ሰው ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ውሾቼን ሰው ማለት ይፈቀድልኝና። በአንዱ ፔግ፣ በሌላው የመምህር ፕሬንደርጋስት ጎረምሳ ባርኒ። አሮጊቷ ውሻዬ ናን ጡረታ ወጥታ ሶፋዬን ወርሳለች። ዲምፕና ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከኔ ጋር ትኖራለች፤ እሷ ብትጠየቅ ግን ከሷ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ።

ፊንታን ከዳንዲ ወዲህ ሌላ ውሻ አልይዝም ብሎ ምሎ ነበር። ፔግን እንዲገዛ ያግባባሁት እኔ ነኝ። ስለ ዳንዲ እዚህ አልጽፍም፤ ደብተሩ አዲስ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 6

የአመድ ረቡዕ። ዲምፕና ለጾሙ ስኳርና ሐሜት ልትተው ወሰነች። ስኳሩን እስከ ምሳ፣ ሐሜቱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ችላዋለች። እኔ ምን እንደምተው ጠየቀችኝና ራሷ መለሰችው።

"እሺ ማለትን ተው። ይሉኝታ ሊገድልህ ነው። አንድ ቀን ቀባሪ መጥቶ ግባ ቢልህ እሺ ብለህ ሳጥኑ ውስጥ ትተኛለህ።"

እሺ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ማርች 19

የሙከራ ሩጫ። ዝናብ። ሃያ ስምንት ሰከንድ ከዘጠና!! ፊንታን ሰዓቱን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ሲያሳይ ዋለ፤ ለሻይ ሻጯ ሁለት ጊዜ። ሲደሰት ፊቱ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ደፍሮ ያስከፋዋል?

እሁድ፣ ማርች 31

አባ ኮንሌት ዛሬ ከመሠዊያው ላይ "ለሕሙማን፣ ለመንገደኞች፣ እንዲሁም ስሟን ለማልጠቅሳት ለአንዲት ጥቁር ሯጭ እንጸልይ" አሉ። ሕዝቡ አሜን ያለው ለሕሙማኑ ካለው በላይ ጮክ ብሎ ነው። ኩራት ተሰማኝ። ትንሽም ጨነቀኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13

አሸነፈች! የዋንጫውን የመጀመሪያ ዙር፣ በሦስት የውሻ ቁመት!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። መጀመሪያ ሚዛን፤ ሃምሳ ሰባት ፓውንድ፣ እንደ ወትሮዋ። እዚያ ከሚዛኑ የሚያመልጥ ነገር የለም። ካለፈው ሩጫው አብዝቶ የወፈረ ወይም የከሳ ውሻ ሲመጣ የሩጫው ሹም ብዙ ሳያወራ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ተንኮል ይኖራል ብሎ። ከዚያ የሩጫው ሐኪም ያያል፣ ከዚያ እስከ ሩጫው ሰዓት ተቆልፎባቸው ይቆያሉ። ከዚያ ጥንቸሏ፣ የውሸቷ፣ በሐዲዷ ላይ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ያየሁት ጥቁር ነገር ብቻ ነው።

በሩ ላይ የውሻ ሩጫን የሚቃወሙ ሰልፈኞች ነበሩ፤ አራት ወጣቶችና አንዲት አሮጊት፣ ሰሌዳ ይዘው። ዲምፕና ልትጣላቸው ሄዳ፣ ዝናብ ሲመታቸው ስታይ አንጀቷን በሉትና ሳንድዊች ሰጠቻቸው። የኔን ሳንድዊች! ቀይ ኮፍያ ያደረገችው ልጅ እኔን ጠራችኝ።

"አባባ፣ ባለፈው ዓመት ያስሮጧቸው ውሾች አሁን የት ናቸው?"

በትህትና ነው የጠየቀችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ሶፋዬ ላይ!" አልኳት። ሰው ሳቀ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ቆጠርኳቸው። አምስት ናቸው። አንዷ እውነትም ሶፋዬ ላይ፣ ሦስቱ ሰው ቤት፣ ምድጃ ዳር። አምስተኛውም የት እንዳለ አውቃለሁ።

ለማንኛውም አሸነፈች።

እሁድ፣ ኤፕሪል 14

ከሩጫ ማግስት ሁልጊዜ እግራቸውን በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የሚዞሩት ሁሌም ወደ ግራ ስለሆነ ኩርባው ላይ ጫናው ሁሉ የሚያርፈው የኋላ ቀኝ እግራቸው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ፔግ እዚያ ጋ ትንሽ ሙቀት አላት። ትንሽ። የአንድ ሳንቲም ስፋት።

ምናልባት የሞቀው የኔ ጣት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ወጣቷን የእንስሳት ሐኪም ግራኒያን አስጠራሁ። አስሮጠቻት፣ እግሯን አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ፔግ ፊቷን ላሰቻት።

"አቶ ማላኪ፣ አታነክስም፤ ስነካትም አላመማትም። ግን ለኤፕሪል ሃያ ዘጠኝ የራጅ ቀጠሮ ልያዝልዎት።"

"ፍጻሜው በሃያ ሰባት ነው።"

"እኔን ከጠየቁኝ እስከዚያ አላስሮጣትም።"

አልጠየቅኳትም። ጠየቅኳት እንዴ? ብቻ ለፊንታን ልነግረው ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የፔግን ፎቶ ከቋሊማው በላይ ሰቅሎታል። ስድስት ሴቶች ተሰልፈዋል።

"ይኸውላችሁ መጣ!" ብሎ ጮኸ፤ ቢላዋውን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ። "ከዚህ ሰው ጋር ያለ ውሻ ከናቱ ጋር ያለ ሕፃን ማለት ነው!"

"ማላኪ ዝንብ እንኳ አይጎዳም" አለች ወይዘሮ ኪንሴላ።

እንዲህ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ግማሽ ኪሎ ጉበት ገዝቼ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18

በረዶ፣ ማሸት፣ በረዶ። ሙቀቱ ጠፋ። ጠፍቷል። ዲምፕናን ዳስሺው አልኳት። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እግር ነው" አለች።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

ግማሽ ፍጻሜ። ሚዛን ሃምሳ ሰባት። ሁለተኛ ወጥታ አለፈች። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ትንሽ ወደ ውጭ ሸሸች። ሌላ ያየ የለም። ሁሉም አቀፈኝ።

ማስሮጥ አልነበረብኝም።

እሁድ፣ ኤፕሪል 21፣ ፋሲካ

ሙቀቱ ተመልሷል። አሁን ሁለት ሳንቲም ያክላል።

ፊንታንና ሚስቱ ለምሳ መጡ፤ በግ እሱ አመጣ፣ ድንች እኛ። ለፍጻሜው የከተማው ሰዎች ሁለት አውቶቡስ እንደተከራዩ ነገረን። አባ ኮንሌት የፊት ወንበር ይዘዋል። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ዘፈን አውጥቶላታል፤ ቤት አይመታም ግን ጮክ ይላል። ፊንታን ሹካውን አስቀምጦ አየኝ።

"ደህና ናት አይደል?"

"ምን ትሆናለች!" አልኩት።

ከኔ አፍ ነው የወጣው። ዲምፕና ከጠረጴዛው በታች እግሬን ረገጠችኝ፤ አሁንም ያመኛል።

ከምሳ የተረፈ በግ ነበር። እህል መጣል ነውር ነው፤ ለፔግ ሰጠኋት። ጎኗ የገባ መስሎኛል።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23

ጠዋት የአጃ ገንፎ በቅቤ። ቀን ሰርዲን። ወደ ማታ ዳቦ በወተት፣ ሁለት ሳህን። ብርዱ ስለከፋ ነው። (ፀሐይ ነበር። ግን ነፋስ ነበረው።)

ልምምድ አላወጣኋትም። ሣሩ እርጥብ ነው።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 24

ገንፎ። እንቁላል አራት። ያደረ ድንች። አይብ ትወዳለች፤ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ዲምፕና በመስኮት ስታየን ቆይታ ወጣች።

"ያቺ ውሻ ልትሮጥ ነው ወይስ ልትወልድ?"

"ክረምቱ አክስቷት ነበር።"

"ክረምቱ አንተን ነው ያጃጃለህ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ሂድና ንገረው።"

"ምኑን?"

"ምኑን እንደሆነ እኔን ነው የምትጠይቀኝ?" ብላ ገባች። በኋላ ሳየው፣ ለራሷ የጋገረችው ኬክ ግማሹ የለም፤ የፔግ አፍንጫ ላይ ደግሞ ዘቢብ አለ። ጾሙ ካለቀ ወዲህ ይቺ ሴት ኬክ አሳልፋ አትሰጥም ነበር። ምን እንደነካት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25

ፊንታን ሳይነግረኝ መጣ። የክፍሉን ግማሽ በር ተደግፎ ፔግን ብዙ አያት። ይህ ሰው በሬን አንዴ አይቶ ክብደቱን የሚናገር ነው፤ በግብርና ትርኢቱ ላይ "የኮርማውን ክብደት ገምት" የሚለውን ውድድር አሥራ ሁለት ዓመት በተከታታይ አሸንፎ፣ ሌላው ይብላ ተብሎ ታግዷል።

"ስልሳ አንድ" አለ።

"ምን?"

"ምንም።" ጆሮዋን አሻሸላት። "ምንድነው የምታበላት?"

"የተለመደውን።"

"የተለመደውን" አለ እሱም። ስለ አየሩ አወራን። ስለ አባ ኮንሌት ጉልበት አወራን። እግሯን አሳየኝ አላለኝም፤ እኔም እይ አላልኩትም። ሲሄድ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ "የሹሙ ሚዛን ስንት ድረስ ነው የሚፈቅደው?" አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

የሚያስጨንቀው ከሳች ብሎ መሆን አለበት። ምስኪን።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 26

ከሉካንዳው ጥቅል መጣ። ሞራ። ቅልጥም። የተፈጨ የበግ ሥጋ ከነስቡ። ላዩ ላይ በፊንታን እጅ "ለፔግ። ሁሉንም" ተጽፏል።

ደስታ ሰውየውን አናግቶታል። በፍጻሜ ዋዜማ ሞራ የሚልክ ባለ ውሻ በዕድሜዬ አላየሁም። ቢሆንም የሰው ስጦታ አይገፋም።

ሁሉንም በላች። ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ተኝታ ታንኮራፋለች። እኔን እንቅልፍ አልወስድህ ብሎኛል። ቀላል መንገድ እኮ ነበረኝ፤ አፍ አለኝ። ሃያ ጊዜ ሱቁ ደጃፍ ደርሼ ሃያ ጊዜ ጉበት ገዛሁ። ማቀዝቀዣችን ጉበት ብቻ ሆኗል። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ነኝ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቶኝ ውሻ አደልባለሁ።

ያልኩት ማለቴ አይደለም። ብርዱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 27

ስልሳ ሦስት ከግማሽ።

ሹሙ ሚዛኑን በጫማው ጠለዝ አደረገው። አውርዶ እንደገና አወጣት። ስልሳ ሦስት ከግማሽ።

"ማላኪ" አለኝ፣ "ይቺ ውሻ ናት ጥጃ?"

"ትንሽ ሞላ ብላለች።"

"ሞላ! መነሻው ሳጥን ውስጥ ማን ሊያስገባት ነው? አትሮጥም።"

ፊንታን አንድ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "አዋረድከኝ!" ብሎ ጮኸ፤ ውጭ ያሉት ሰልፈኞች ሳይሰሙት አልቀሩም። "ማላኪ ቱሂ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አዋረድከኝ!" ትምህርት ቤት ሳለን በገና ድራማ ላይ እረኛ ሆኖ "እነሆ ኮከብ" የምትለውን አንዲት ቃል እንኳ ረስቶ ያለቀሰ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ይህን ያህል ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ሲጮኽ ሌላው እጁ የፔግን የኋላ ቀኝ እግር ከሥር ደግፎ ይዞ ነበር፤ እንዳትዘል ይሆናል።

ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያለ ፔግ የሌሎችን ውሾች ሩጫ አየ። ስመለስ ከፊት ወንበር እስከ መጨረሻው ቀለዱብኝ። "ማላኪ፣ እኔንም አሰልጥነኝ፣ ሚስቴ ከሳህ ትለኛለች!" "ማላኪ፣ ለገና ዝይ ታደልባለህ?" የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ዘፈኑን በአንድ ጊዜ ቀየረው፤ አሁን ቤት ይመታል። አባ ኮንሌት ሳይቀሩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፔግ ከወንበር ወንበር እየዞረች የድንች ጥብስ ለመነች፤ ያልሰጣት የለም።

የሠላሳ ዓመት ስሜ በአንድ ምሽት ሄደ። የሚገርመው፣ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29

ራጅ። ግራኒያ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለችው።

"ይታይዎታል? ይቺ ቀጭን መስመር። ስንጥቅ ናት።"

"ቅዳሜ ብትሮጥስ ኖሮ?"

ፊልሙን እንጂ እኔን አላየችም። "የመጀመሪያውን ኩርባ አትጨርሰውም ነበር። ደግነቱ ክብደቷ አላሳለፋትም ሲሉ ሰምቻለሁ። እድለኛ ነዎት፣ አቶ ማላኪ።"

ሦስት ወር እረፍት፣ በፋሻ። ከዚያ ይታያል። መኪና ውስጥ ፔግ ጭኔ ላይ ካልተቀመጥኩ አለች፤ በስልሳ ሦስት ከግማሽ ፓውንዷ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 30

በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄድኩ። ጉበት አልገዛሁም። ፊንታን ሲያየኝ በሩን ቆለፈና "ተዘግቷል" የሚለውን ሰሌዳ ገለበጠው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያዘው። አጥንት ማየት ሥራው ነው፤ ሳላሳየው ስንጥቁን በጣቱ ነካው።

"ሞራውን ያገኘኸው ከየትኛው ጥጃ ነው?" አልኩት። እስካሁን ሳይገባኝ መቅረቱ ይገርማል።

"ከሁለት። ሚዛኑን ሳታልፍ እንዳትቀር ብዬ ነው። አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ፤ ሩብ ፓውንድ ጎድሎ ቢያሳልፋትስ?"

"ያ ሁሉ ጩኸትህስ?"

"ጥሩ አልነበርኩም?" አለ፤ ደስ ብሎት። ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና ሁለታችንም የምናየው ቦታ አጣን።

"አንድ ነገር ላውጣ" አልኩት። "የዳንዲንም አውቄ ነበር። ሦስት ቀን ቀድሜ። ጣቴ ነግሮኝ ነበር። ልጆችህ ከእንግሊዝ መጥተው ነበር፣ ልደትህ ነበር፣ አዲስ ኮት ለብሰህ ነበር። ዝም ብዬ አስሮጥኩት።"

ፊንታን የጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ወለወለው። ብዙ ወለወለው።

"ከመኪናው ሲወርድ እግሩን ሲያነሳ አይቼዋለሁ" አለኝ። "በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማላኪ ዝም ካለ ደህና ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"እኔ ደግሞ ዝም ያልኩት አንተ ደስ ብሎህ ስለነበር ነው።"

"ኩርባው ላይ ወድቆ፣ ሊገድሉት መጋረጃ ሲጋርዱበት" አለና አልጨረሰውም።

ሁለት ሽማግሌዎች ቋሊማ ሥር ቆመን እንደ ሕፃን አለቀስን። ወይዘሮ ኪንሴላ በመስኮቱ አይታን ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ ሉካንዳው ሊዘጋ ነው ብሎ ለአንድ ወር የሚበቃ ሥጋ ገዛ። ፊንታን ሌላ ሰው መቅጠር ሊያስፈልገው ነበር።

ፔግን ወደ ራሱ ቤት ወስዷታል። ከእንግዲህ ብትሮጥም ባትሮጥም የሱ ናት አለኝ። ሚስቱ ሶፋው ላይ እንዳትወጣ ከልክላ ነበር፤ ክልከላው ሃያ ደቂቃ ቆየ።

ሐሙስ፣ ሜይ 2

ዛሬ መምህር ፕሬንደርጋስት ደወሉ። ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ እኔ ዛሬም ድምፃቸውን ስሰማ እጄን ከኪሴ አወጣለሁ። ባርኒ በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጀመሪያ ሩጫው ነው። ወንድማቸው ሊያየው ከደብሊን ይመጣል፣ ምሳ ታዟል።

"ተዘጋጅቷል?" አሉኝ።

ጠዋት ትከሻውን ስዳስሰው ሙቀት አገኘሁ። ትንሽ። ዲምፕና ማሰሮውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አይሮጥም" አልኩ።

"ምን አልክ?"

"ባርኒ አይሮጥም፣ መምህር።"

"ማን ነው ያለው?"

"እኔ ነኝ። ትከሻው ሞቋል።"

የግድግዳ ሰዓታቸው በስልኩ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። ውሻዬን አምጣ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እንደ ልጅነቴ እጅህን ዘርጋ ቢሉኝም እዘረጋ ነበር።

"ስንት ሳምንት ይፈልጋል?" አሉኝ።

"ሦስት።"

"እንግዲያው ሦስት ይረፍ" ብለው ዘጉት።

ይኸው ነው። ይህችው ብቻ ናት። ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ እንባዬም መጣ። ዲምፕና ማሰሮውን አስቀምጣ እየሮጠች መጣች።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም" አልኳት።